ቀይ ቀለም የሚገባው

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው የሰማይን ነገር በብራና ላይ የሚያሰፍሩ ሰው። ሁለት ቀንድ ነበራቸው። ይህን ስል ሌላ ነገር እንዳይታያችሁ፤ የቀለም ቀንድ ነው። በአንደኛው ጥቁር፣ በሁለተኛው ቀይ። ጥቁሩ ለሁሉም ይሆናል፤ ለፈርዖንም፣ ለአህያም፣ ለሰይጣንም ስም። ቀዩ ግን ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው ብለው አሳደጉኝ። ቀንዱን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፣ ሰው ሳያይ የብዕር አያያዙንም አስተማሩኝ። ቀዩ ቀለም ጣቴን ከነካኝ የታጠብኩበትን ውኃ እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከአጥሩ ሥር እደፋው ነበር። ዶሮዎቹ እየመጡ ሲጭሩት ግን ማንም የከለከላቸው የለም።

ከዚያ ቤት ወጥቼ ነው እንግዲህ አሰብ የገባሁት። ባሕር ዳር የጽሕፈት መኪና ተማርኩ፤ ዘመኑ ደግሞ የጎጃምን ልጅ ከደጋ ነቅሎ አሸዋ ላይ መትከል የሚወድ ዘመን ነበር። አውሮፕላኑ አሰብ ላይ በሩን ሲከፍት የምድጃ ክዳን የተነሣ መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። አስተናጋጇ «ደርሰናል እኮ» አለችኝ። «የት?» አልኳት። ቀይ ባሕር ሲሉኝ የጠበቅሁት ሌላ ነበር፤ ሳየው ሰማያዊ ነው። ስሙ ቀይ፣ መልኩ ሰማያዊ። በዚያ ዘመን ብዙ ነገር እንደዚያው ነበር።

የተመደብኩት ወደቡ አጠገብ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራዬ መተየብ። የጽሕፈት መኪናዋ የአማርኛ ናት፤ አንዳንዱን ፊደል በአንድ ምት አትጨርሰውም፤ መጀመሪያ አካሉን ትመታለች፣ ቀጥላ እግሩን ወይም እጁን ትገጥምለታለች። አባቴ ቢያዩዋት «ይቺስ ወጌሻ እንጂ ጸሐፊ አይደለችም» ይሉ ነበር። ሪባኗ እኩሌታው ጥቁር፣ እኩሌታው ቀይ ነው። በጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ሲገፏት ቀዩ ብቅ ይላል። እኔ ያቺን ቁልፍ ነክቼያት አላውቅም።

ከጀርባዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ትቀመጣለች። አሰብ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ በጀልባ ከየመን የመጡ ነጋዴ፤ በአፋርኛ የምትገዛ፣ በትግርኛ የምትጨቃጨቅ፣ በዐረብኛ የምትምል፣ በአማርኛ የምትቀልድ ሴት። እኔን «የቄስ ልጅ» ትለኛለች። አባቴ ቄስ አይደሉም ብዬ ባስረዳት፣ «ታዲያ አንቺ ምን ነካሽ?» አለችኝ።

የሁለታችንም አለቃ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ካድሬ ነበር። በዚያ ሙቀት ካኪ ለብሶ የአንገቱን ቁልፍ አይፈታም። የማይፈታበትን ምክንያት ያገኘችው ያቺው የመዝገብ ቤቷ ጓደኛዬ ናት። አንድ ቀን ቬንቲሌተሩ ኮሌታውን ሲገልበው አንገቱ ዙሪያ ነጣ ያለ መስመር አየች፤ ማተብ ዕድሜ ልክ የታሰረበት ቦታ። ማተቡ ወጥቷል፣ መስመሩ ግን አልወጣም። በፊቱ «ጓድ ኃላፊ» እንለዋለን፣ በሌለበት «ጓድ መፈክር»።

ስሙን በከንቱ አላወጣንለትም። ያን ጊዜ ደብዳቤ ሁሉ፣ ስለ ክሬን ዘይትም ይሁን ስለ ሽንት ቤት ቁልፍ፣ ግርጌው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሳይል፣ ከሥሩም «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ሳይል አይዘጋም። ይህ አላጠገበውም። አንድ ጠዋት መጥቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መፈክር በቀይ ይተየባል» አለ። «ሪባኑ ላይ ቀይ አለ አይደለም እንዴ? ለምን የተሠራ ይመስላችኋል?»

«ለሒሳብ ቤት ነዋ፣ ኪሳራ ሊጻፍበት» አለች ጓደኛዬ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ።

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ቁልፏን ልገፋ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ እምቢ አለ። መፈክሩን በጥቁር ተየብኩት። እሱ ተቀብሎ አየው፣ አየኝ፣ ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ አሰመረበት። በማግሥቱም እንደዚያው፤ እኔ በጥቁር እተይባለሁ፣ እሱ በቀይ ያሰምራል። ሳንነጋገር ሥራ ተካፈልን። ጓደኛዬ «ባልና ሚስት መሰላችሁ፤ አንዱ ያጠፋል አንዱ ያጸዳል» ትለናለች።

በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረን። የወደቡ ሠራተኛ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቦ ላቡን እየጠረገ ንቃተ ኅሊናውን ያዳብራል። አንድ ቀን ርዕሱ የጽሕፈት አመጣጥ ሆነ። ኃላፊው ተነሣ።

«ጽሕፈት ከሰማይ አልወረደም፣ ጓዶች! ጎተራ የነበረው ሰው፣ ጎተራ የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚገብርለት ሊጽፍበት ፈጠረው። ጽሕፈት ከተወለደ ጀምሮ የባለ ጎተራ ሎሌ ነው!»

እኔ አባቴ የነገሩኝን እያሰብኩ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው እንደሚሉት ፊደል ለአዳም የልጅ ልጅ ለሄኖስ በጸፍጸፈ ሰማይ ላይ ተጽፎ ታየው። እሱም አንጋጦ ገለበጠው። ጎተራ የሚባል ነገር በታሪኩ ውስጥ የለም። ይህንኑ ለጓደኛዬ ሹክ አልኳት።

«የእናንተ ከግራ ነው የወረደው፣ የእኛ ከቀኝ» አለችኝ ጓደኛዬ። «ወላሂ ሰማይ ላይ ሁለቱ ጸሐፊዎች ግንባር ለግንባር ተላትመዋል።»

ከኋላ አንድ የክሬን ሠራተኛ እጁን አወጣ። «ጓድ ኃላፊ፣ የበዝባዥ መሣሪያ ከሆነ እኛን ለምን መሠረተ ትምህርት ታስገቡናላችሁ?»

«መሣሪያውን ልትነጥቁት ነዋ!»

«እሱማ ይሁን። ግን ይህ የመጨረሻው ፊደል አልነጠቅ አለኝ።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያ ሳምንት ሳያልቅ የአገሬ ሰው የሆነ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቢሮው ደጃፍ ላይ አስጠራኝ። አሰብና አዲስ አበባ ሲመላለስ የሚኖር፣ ከዘመዶቼ መልእክት የሚያመጣልኝ ሰው ነው። ሰላምታውን ከፍየሎቹ ጀምሮ እስከ ጎረቤት አዝመራ አዳረሰው።

«አባትሽ ደኅና ናቸው» አለ። «ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሳደባሉ።»

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ደኅና ናቸው አልኩሽ እኮ።»

«ደኅና ለሆነ ሰው ይህን ያህል አይማልም።»

ባርኔጣውን አውልቆ አገላበጠው። «ዓይናቸው ነው። ጨልሞባቸዋል። አንድ የእመቤታችን መጽሐፍ ጀምረው ነበር አሉ፤ ጥቁሩን ጨርሰዋል፣ ቀዩ አልተሞላም። ‹ልጄ ትምጣና ትሙላው። ሳልሞት በእጄ ልዳስሰው። ካልመጣች የእመቤታችን ስም የሌለበት የእመቤታችን መጽሐፍ ሆኖ ይቀራል› ብለዋል።»

የአባቴ አሠራር ነው። ሌላው ጸሐፊ ሁለት ብዕር ይዞ ጥቁሩንም ቀዩንም አብሮ ይሄዳል። አባቴ ግን ቀዩን መበጥበጥ ጾም እንደ መያዝ ነበር የሚያዩት፤ ጥቁሩን ከዳር እስከ ዳር ይጨርሱና ለቅዱሱ ስም ልክ ልኩን ባዶ ይተዉለታል። በመጨረሻ ቀዩን አዘጋጅተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ይሞሉታል። ስለዚህ አሁን እዚያ አገር ቤት ቀዳዳው የበዛ መጽሐፍ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ የማያዩ ሽማግሌ። የእጅ ጽሕፈታቸውን አጣጣል የሚያውቅ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ፈቃድ ካላገኘሁ መጽሐፉም እሳቸውም እንደ ተቦደሱ ይቀራሉ።

ፈቃድ ማግኘት ደግሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። አሰብ ውስጥ የሠራተኛ ዘመድ ዕድሜው አጭር ነው። ፈቃድ የፈለገ ሁሉ ማመልከቻው ላይ አንድ ሰው ይገድላል፤ አያቱን ደጋግሞ የቀበረ ሞልቷል። የማመልከቻ አጻጻፍ እንደዚያ ነው የተለመደው፤ ኃላፊውም ያውቃል፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይፈርማል። እኔ ግን በቁሙ ያለ ሰው መግደል አልሆንልኝ አለ። «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ ጀመርኩና ዓይናቸው የጠፋ አባቴ የጀመሩትን የጸሎት መጽሐፍ ቀይ ቀለም ለመሙላት ፈቃድ እንዲሰጠኝ ጻፍኩ።

ጓደኛዬ አነበበችው። «ይህን ይዘሽ ከገባሽ ፈቃድ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያዝልሽ። አባቴ ሞተ በይ።»

«ኧረ በስመ አብ በይ! ይሳደባሉ እኮ!»

«አጎት የለሽም?»

«አለኝ።»

«እሱን ግደይው።»

«የክርስትና አባቴ ነው!»

«ያ አላህ! ሌላ የማይረባ ዘመድ የለሽም? ለእኔማ ሞልቷል፤ ላበድርሽ?»

እንደጻፍኩት ይዤ ገባሁ። ኃላፊው የመጀመሪያውን መስመር ሳይጨርስ ብዕሩን አነሣ።

«ትሕትና? ሎሌ ነሽ እንዴ?» ሰረዘው። ቀጥሎ አነበበ። ፊቱ ላይ እንደ ጥላ ያለ ነገር መጣ፣ ሄደ። የሚቆጣ መስሎኝ ስጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ፣ እኔ በነገሩ አልጣላሽም። አጻጻፉ ነው። የጸሎት መጽሐፍ ብዬ ፈርሜ ነገ ይህን ፋይል የሚያነበው ማን ነው? አጻጻፉን አስተካክይና አምጪ።»

ተመልሼ ከጓደኛዬ ጋር ተቀመጥን። እሷ ስንት ዓመት የሰው ደብዳቤ ስትፋይል የኖረች ናት፤ የመሥሪያ ቤት አማርኛ በጣቷ ጫፍ ነው። እኔ እውነቱን እነግራታለሁ፣ እሷ ካኪ ታለብሰዋለች። እንዲህ ወጣ፦

«ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ሥራ ሲተዳደሩ የኖሩ አንድ አረጋዊ ላብ አደር በሥራ ላይ እንዳሉ የዓይን ብርሃናቸውን በማጣታቸው፣ ሰፊው ሕዝብ በጋራ የሚገለገልበት ሥራ ሳይጠናቀቅ ቆሟል። የቀረው የቀይ ቀለም ሥራ ብቻ ስለሆነና ይህንን የሚያውቅ ሌላ ሰው በአካባቢው ስለሌለ፣ ሄጄ ከፍጻሜ እንዳደርሰው የዓመት ፈቃዴ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ውሸት የለበትም፤ አንድም እውነት አይታይበትም። ለካ ይህም ጥበብ ነው አልኩ።

ኃላፊው ሲያነበው ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር ነበር። እስክሪብቶውን አነሣ፣ ለመፈረም ዝቅ አለ፣ ግርጌው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መፈክሩ ጥቁር ነው።»

«እንደ ሌላው ጊዜ ያስምሩበት፣ ጓድ ኃላፊ።»

«አላሰምርም። ቀይ ቀለም ልትሠሪ የምትሄጂ ሰው አይደለሽም? እስኪ ከዚህ ጀምሪ።» ወረቀቱን ገፋልኝ።

የምሳ ሰዓት ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው በባርኔጣቸው ፊታቸውን ያራግባሉ። ነገርኳቸው።

«ምን የሚል ነው የምትጽፊው?» አሉኝ።

«ኢትዮጵያ ትቅደም።»

«ብትቀድምስ ምን ቆረጠሽ? ወዴት እንደምትቀድም እስካልጻፍሽ ድረስ ምን ጨነቀሽ?»

«ሁለተኛው መስመር ግን አባ፣ ‹ወይም ሞት› ይላል።»

«እሱማ ለሁሉም የታዘዘ ነው። ጻፊው።»

«ቀዩስ?»

«ልጄ፣ ጥቁሩን እንኳ በመነጽር ነው የማነበው። የቀለሙን ነገር ስትሄጂ ቀለም የሚያውቁትን ጠይቂ። ሂጂ አሁን፣ ምድሩ ሳይቀቅልሽ።»

ተመልሼ ማመልከቻውን በካርቦን እንደ አዲስ ተየብኩ፤ ግርጌው ላይ ስደርስ ቁልፏን ገፋኋት። የሪባኑ ቀይ ወገን አንድ ቀን እንኳ ተነክቶ አያውቅም! መፈክሩ እንደ በርበሬ ድልህ ወረቀቱ ላይ ቦግ አለ። እኔ ወደዚያ ዞሬ አማተብኩ። ጓደኛዬ ከሥር ያለውን ካርቦን ገልጣ ኮፒውን አሳየችኝ። «አይዞሽ፣ የቄስ ልጅ። ፋይል ውስጥ የሚገባው ይኸው ጥቁር ነው። ቀዩን እሱ ይያዘው።»

ፈረመ።

ከሹፌሩ ጋር ተሳፍሬ በረሃውን ወጣሁ። መኪናው ዳገት ሲጀምር አየሩ ቀዘቀዘ፤ ሹፌሩ ካፖርት ሲደርብ እኔ ፊቴን በመስኮቱ አውጥቼ ብርዱን እጠጣዋለሁ። «አብደሻል» ይለኛል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር፣ ቤት ደረስኩ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ብራናውን በጭናቸው ይዘው ተቀምጠዋል። «ማነው? አካሄዱ የባሕር ሰው ነው» አሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሱ። «ጫፉ ደነደነ። ምን ስትመቺ ነው የኖርሽው?»

ሥራ ጀመርን። ቀዩን እሳቸው በአፋቸው እያዘዙ እኔ በጠበጥኩ፣ መቃውን ቀረጽኩ። ጥቁሩን እያነበብኩ ባዶው ላይ ስደርስ ድምፄን አቆማለሁ፣ እሳቸው ስሟን ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከጥቂት ገጽ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነገርኳቸው። በቀይ «ትቅደም» ብዬ እንደ ጻፍኩ፣ «ወይም ሞት» ብዬ እንደ ጻፍኩ።

አባቴ ሳቁ። ጥርሳቸው የቀረውም ያልቀረውም ታየ።

«የባላባቱን ስም እኔ በምን ስጽፍ የኖርኩ ይመስልሻል?»

«የየትኛውን ባላባት?»

«መጽሐፍ ያሠሩኝን ሁሉ! ‹ይህን ያሠራውን አገልጋይህን አስበው› ብዬ ስሙን የምሞላው ቤቱ ሄጄ፣ ጠጁ እየተቀዳልኝ ነው። በምን? በቀይ ነዋ! በጥቁር ብጽፈው ያበላኛል?»

ብዕሩን አስቀመጥኩት። ልጅነቴን ሙሉ ውኃውን ከአጥር ሥር ስደፋ የኖርኩት ትዝ አለኝ። «ለቅዱሳን ብቻ አላሉኝም?»

«ቀንድ ለሚይዝ ልጅ እንደዚያ ነው የሚባለው፤ እንዳትደፊው። የሰማዩ ስም በቀይ ነው፣ የጎተራውም ስም በቀይ ነው። በሰማዩ እጸድቃለሁ፣ በጎተራው እራት እበላለሁ።»

ጓድ መፈክር አዳራሹ መካከል ቆሞ ታየኝ። ጎጃምን ሳያይ፣ አባቴም እሱን ሳያውቁት፣ ሁለቱ በጽሕፈት አመጣጥ ተስማምተዋል። «ሄኖስስ?» አልኳቸው፣ የቀረችኝን ልይዝ።

«ሄኖስም ልጆች ነበሩት። በባዶ ሆዱ አላንጋጠጠም።»

ሞልተን ሞልተን መጨረሻው ገጽ ደረስን። አባቴ ብራናውን በመዳፋቸው ከላይ ወደ ታች አሹት፤ ቀለሙ ደርቆ ጣታቸው ላይ ሲሻክር ፊታቸው በራ። ግርጌው ላይ ግን አንድ ባዶ ቀርቷል፤ ያሠራው ሰው ስም። መጽሐፉን ያዘዙት ባላባት መሬታቸው ሲወረስ ትተውት ሄደዋል። አባቴ ያለ አሠሪ ነው የጨረሱት።

«የእርስዎን ልጻፈው?»

«ጸሐፊ ራሱን በቀይ አይጽፍም፤ ነውር ነው። እንድትመጪ የፈቀደልሽ ማን ነው?»

«ኃላፊያችን ነዋ። ጓድ...»

«ጓድ የሚባል ቅዱስ አላውቅም። የክርስትና ስሙ ማነው?»

«አባዬ፣ ኮሚኒስት ነው!»

«ኮሚኒስት ሆኖ አልተወለደም። በአርባ ቀኑ ማን ብለው እንዳጠመቁት ጠይቂው። እስከዚያ ባዶው ይቆያል፤ መጥተሽ ትሞይዋለሽ።»

«በቃል ልላክልዎትና የደብሩ ዲያቆን ቢሞላውስ?»

«የእርሱ እጅ የዶሮ እግር ነው» አሉና መጽሐፉን ዘጉት።

አሰብ ስመለስ ምድጃው ክዳኑን ከፍቶ ጠበቀኝ። ኃላፊው ቢሮ ገብቼ መመለሴን አስታወቅሁ።

«ሥራው ተጠናቀቀ?»

«አንድ ስም ቀርቶታል፣ ጓድ ኃላፊ። ያሠራው ሰው ስም። አባቴ የእርስዎ ይሁን ብለዋል። የክርስትና ስምዎን ጠይቂ ተብያለሁ።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋው። መስኮቱንም ሊዘጋ ሄደና ሙቀቱን ሲያስበው ተወው። ቬንቲሌተሩ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ዞረ። እጁ ሳያውቀው ወደ አንገቱ ሄዶ የኮሌታውን ቁልፍ ነካ። ከዚያ እናቱ ብቻ የምትጠራበት በሚመስል ድምፅ ስሙን ነገረኝ።

እጄ ወደ እስክሪብቶ ሲሄድ አይቶ፣ «አትጻፊው!» አለኝ።

«አልጽፍም። በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ፣ መልሶ በታተነው። «በቀይ ነው?»

«በቀይ ነው።»

«መቼ ነው የምትሞይው?»

«ፈቃድ ያገኘሁ ዕለት።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ወደ ጓድ ኃላፊነቱ ተመለሰ። «ማመልከቻ ጽፈሽ አምጪ። አጻጻፉን አሁን ታውቂዋለሽ።»

በሩ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ፣ «መፈክሩንስ በምን ልተይበው?» አልኩት።

ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ፣ ቀና ሳይል፣

«ቀዩን አታባክኚው» አለኝ።